ኢንድራ ሦስት ጊዜ ለምን ተመለሰ?

በዚህ መንገድ አብራችሁኝ የምትጓዙ ወንድሞችና እህቶች፤ ጉሩ ፑርኒማ የተባለውን የመምህራን መታሰቢያ በዓል በሰላም ስላከበርን ምስጋና ለመምህራኖቻችን ሁሉ ይሁን። በሕንዳውያን አቆጣጠር አሻድ በሚባለው ወር ሙሉ ጨረቃ፣ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት የሆኑትን ቬዳዎችን መድቦ አደራጀ የሚባለውን ጥንታዊ ጠቢብ ቪያሳን፣ ከእርሱም ጋር ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ሲዋረድ የደረሰንን ትምህርት ማክበራችን የተገባ ነው። ሆኖም በዚያ ምሽት የሰማሁት አንድ ንግግር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የመብራቱ ጸሎት አልቆ ለአምላክ ቀርቦ የተባረከው ምግብ፣ ፕራሳዱ ሲታደል፣ በቅርቡ ልጇን የቀበረች አንዲት እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ነበር። ዕንባዋ መጣባት። ከመካከላችን ብዙ ዓመታት በተመስጦ የቆየ አንድ ወንድም ቀረብ ብሎ፣ አትማን ስለምንለው ስለ እውነተኛው የውስጥ ማንነት አንሥቶ፣ «እታለም፣ አትማን አይወለድም፣ አይሞትም፤ የቀበርሽው ሥጋውን ነው፤ ይህ ሐዘንሽ እኮ ካለማወቅ የመጣ ነው» አላት። በዙሪያው የነበሩት ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እርሷም አንድ ቃል ሳትመልስ፣ የተሰጣትን ፕራሳድ ሳትቀምሰው በመዳፏ እንደያዘች ተነሥታ ሄደች።

ወንድማችን የጠቀሰው ቃል ከቅዱስ መጽሐፋችን ከባጋቫድ ጊታ ሁለተኛ ምዕራፍ የተወሰደ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቃሉም እውነት ነው። ቃሉን የተናገረው አምላክ ክሪሽና ግን በሁለት ሠራዊት መካከል የጦረኛውን የአርጁናን ሠረገላ ልጓም ይዞ፣ ወዳጁ በቆመበት የአደጋ ስፍራ አብሮት ቆሞ ነው፤ ከተናገረም በኋላ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ሠረገላውን እየነዳለት አልተለየውም። እኛ ያንኑ ቃል ከደጃፍ የተውነውን ጫማ በዓይናችን እየፈለግን እንናገረዋለን።

እውነተኛውን ማንነት ማወቅ ምን እንደሆነ፣ ምንስ እንዳልሆነ ለመረዳት ከጥንታውያን ቅዱሳት መጻሕፍታችን አንዱ በሆነው በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ስምንተኛ ምዕራፍ ከተጻፈው ከኢንድራ ታሪክ የበለጠ የሚረዳኝ አላገኘሁም። የፍጥረት ጌታ ፕራጃፓቲ ከኃጢአት፣ ከእርጅና፣ ከሞት፣ ከሐዘን፣ ከረኃብና ከጥም ነጻ የሆነው አትማን ሊፈለግና ሊታወቅ እንደሚገባው ሲናገር አማልክትም፣ የእነርሱ ባላንጣዎች የሆኑት አሱራዎችም ሰሙ። ከአማልክት ወገን ኢንድራ፣ ከአሱራዎች ወገን ቪሮቻና ተነሡ፤ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩም፣ የቆሎ ተማሪ ለየኔታው እንጨት ለቅሞ እንደሚያመጣ ሁሉ፣ ማገዶ በእጃቸው ይዘው ከመምህሩ ደጅ ደረሱና 32 ዓመት በደቀ መዝሙርነት ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ መምህሩ በዓይን ውስጥ የሚታየው አካል አትማን እንደሆነ ነገራቸው፤ ውኃ በሞላበት ዕቃ ራሳቸውን እንዲያዩ፣ ቀጥሎም አጊጠውና ምርጥ ልብስ ለብሰው ደግመው እንዲያዩ አዘዛቸው። ሁለቱም ያጌጠ መልካቸውን አይተው ልባቸው ረክቶ ሄዱ። ቪሮቻና ወደ ወገኖቹ ደርሶ ሥጋውን የሚያከብርና የሚያገለግል ሁለቱንም ዓለም እንደሚያገኝ አስተማረ፤ በዚያውም ቀረ። ስለ ቪሮቻና ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ ዓይናችንን ጨፍነን የተነሣነውን ፎቶግራፍ ለመለጠፍ የምንቻኮል ሰዎች ትምህርቱ እስከ ማን ድረስ እንደ ደረሰ እናውቃለን።

ኢንድራ ግን አማልክት ዘንድ ከመድረሱ በፊት በመንገድ ላይ አሰበ። ሥጋ ሲያጌጥ ያ አካል አብሮ የሚያጌጥ ከሆነ፣ ሥጋ ሲታወር ይታወራል፣ ሲጠፋም ይጠፋል፤ ስለዚህ «በዚህ በጎ ነገር አይታየኝም» ብሎ እንደገና ማገዶ ይዞ ተመለሰና ሌላ 32 ዓመት ተቀመጠ። በሁለተኛው ጊዜ በሕልም ውስጥ ደስ ብሎት የሚዘዋወረው አትማን እንደሆነ ተነገረው። እርሱንም በመንገድ ላይ መረመረው፤ በሕልም ያለው በሥጋው ዕውርነት ባይታወርም፣ እንደሚመታ፣ እንደሚሳደድና እንደሚያለቅስ ስለሚሆን፣ በዚህም በጎ ነገር አይታየኝም ብሎ ለሦስተኛ 32 ዓመት ተመለሰ። በመጨረሻም ሕልም እንኳ ሳያይ በጽኑ እንቅልፍ ያረፈው እርሱ አትማን ነው ተባለ።

እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። በጽኑ እንቅልፍ ውስጥ ዕንባ የለም፤ የሚመታም የሚሳደድም የለም፤ ልጅ የሞተባት እናትም ለጥቂት ሰዓት ሐዘኗን አታውቀውም። ከሐዘን ነጻ መሆንን ብቻ የፈለገ ሰው እዚህ ደርሶ ቢቆም አይፈረድበትም ነበር። ኢንድራ ግን ተጉዞ ሳይጨርስ እንደገና ቆመ፤ ያ የተኛው ሰው «ይህ እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን አያውቅም፣ ሌላውንም ፍጥረት አያውቅም፣ ጠፍቶ እንደ ቀረ ያህል ነው አለና፣ ያንኑ ቃል ደግሞ ተናገረ፤ በዚህም በጎ ነገር አይታየኝም።

ብዙዎቻችን የቀረነው እዚህ ነው፤ ይህንንም የምለው በታላቅ ሐዘን ነው። ጠዋት ጠዋት ወገባችንን አቅንተን ስንቀመጥ ውሎ አድሮ የመንገዱ ጩኸት የሚርቅበት፣ የጉልበታችን ሕመም የሚረሳበት ጊዜ ይመጣል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከተቀመጥንበት ስንነሣ የጎረቤታችንም ሕመም አብሮ ተረስቶ ብናገኘው፣ ይህን ከዓለም የመለየት ጸጋ፣ ቫይራግያ ብለን እንሰይመዋለን። የቤት ሠራተኛዋ ታማ ስትንገዳገድ አይቶ፣ የሚታየውን ሁሉ ከንቱ ምትሐት አድርጎ «ማያ ነው» የሚል ሰው፣ የራሱ ደመወዝ አንድ ቀን ሲዘገይ ግን ማያነቱን አያስታውሰውም። የጥንቱ መምህር ጋውዳፓዳ ማንዱክያ ካሪካ በተባለው መጽሐፉ ልቡና በተመስጦ መካከል ሲያንቀላፋ ቀስቅሱት፣ ሲበተንም መልሳችሁ አረጋጉት ብሎ ያስጠነቀቀው፣ ድንዛዜ የዕረፍትን መልክ ለብሶ እንደሚመጣ ስላወቀ ነው። በእንቅልፍ ያልተሰማን ነገር በማወቃችን ምክንያት ያልተሰማን እየመሰለን፣ ስንት ዓመት ተቀምጠን ያው ሆነን እንነሣለን!

ፕራጃፓቲም ኢንድራን አምስት ዓመት ጨምረህ ተቀመጥ አለው፤ ጠቅላላው 101 ዓመት ሆነ። የመጨረሻውን ትምህርት ሲሰጠው ከሁሉ አስቀድሞ የነገረው፣ ይህ ሥጋ ሟችና በሞት የተያዘ ቢሆንም ሥጋ የሌለው፣ የማይሞተው አትማን ማደሪያ እንደሆነ ነው። ቀጥሎም «ይህን ላሽትት» ብሎ የሚያውቀው እርሱ አትማን ነው፣ አፍንጫም ለማሽተት ነው፤ «ይህን ልናገር» ብሎ የሚያውቀው እርሱ ነው፣ አንደበትም ለመናገር ነው፤ በመስማትም በማሰብም እንዲሁ ነው አለው። እንግዲህ አትማን ስሜት ከጠፋበት ስፍራ ተደብቆ የሚጠብቀን ነገር አይደለም። የእናቲቱ ዕንባ የሚታወቅበት ብርሃን ራሱ እርሱ ነው፤ እኛ ግን ዕንባዋን ከፊቱ ለማባረር ቸኮልን።

ቅዱሱን ራማና ማሃርሺን እንመልከት። በ1896 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በደቡብ ሕንድ በማዱራይ ከተማ በአጎቱ ቤት ድንገት የሞት ፍርሃት ይዞት እንደ ሬሳ ተዘርግቶ፣ ይህ ሥጋ ቢሞት እኔ እሞታለሁን ብሎ የመረመረ፣ ከዚያች ዕለት ወዲህም ሥጋ ነኝ ብሎ ያላሰበ መምህር ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ አሩናቻላ ተራራ ሄደ፤ ከዚያም እስከ ዕረፍቱ እስከ 1950 አልተለየም። በ1906 ኤቻማል የምትባል ሴት፣ ባሏንና ልጆቿን በተከታታይ ሞት ነጥቋት፣ በተራራው ወገብ ወደሚገኘው ወደ ቪሩፓክሻ ዋሻ ወጣች። አንድ ሰዓት ያህል በፊቱ ቆመች፤ እርሱም አልተናገረም፣ እርሷም አልተናገረችም። ቀሎላት ወረደች፤ ከዚያም ወዲህ ለእርሱና አብረውት ላሉት ምግብ እያበሰለች በየቀኑ ተራራውን ትወጣ ነበር። ዓመታት አልፈው በማደጎ ያሳደገቻት ልጅ መሞቷን የሚናገር ቴሌግራም ሲደርሳት ይዛው ወደ እርሱ ሮጠች። ቴሌግራሙን አነበበው፤ ዓይኖቹም ዕንባ ሞሉ። ከቀብር ተመልሳ የሟቿን ሕፃን ልጅ በእጁ ስታኖርለት እንደገና አለቀሰ።

«አትማን አይሞትም» የሚለውን ቃል ከእርሱ የበለጠ የመናገር መብት ያለው ማን ነበር? ለኤቻማል ግን ያንን አልነገራትም። ጊታ በስድስተኛው ምዕራፍ ከዮጊዎች፣ ማለትም በተመስጦ መንገድ ከሚጓዙት፣ ሁሉ የሚበልጠው የሌላውን ደስታና ሐዘን በራሱ መስፈሪያ የሚያይ ነው ያለው ቃል፣ በተግባር ሲታይ ይህ ነው።

ስለዚህ ያንን የተናገርህ ወንድሜ፣ ራሳችሁንም የነቀነቃችሁ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ቤቷ ሄዳችሁ ለቅሶ ድረሱ። ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከመደቡም ተቀመጡ፤ ካልጠየቀቻችሁ በቀር ምንም ጥቅስ አትጥቀሱላት። በተመስጦ ስትቀመጡም ቅሬታ ወይም ቁጣ ሲነሣባችሁ ገፍታችሁ አታባርሩት፤ ማሃርሺ እንዳስተማረን ይህ ለማን መጣ ብላችሁ ጠይቁ፤ ለእኔ ነው የሚል መልስ ሲመጣ፣ እኔስ ማን ነኝ ብላችሁ ወደ ምንጩ ተመለሱ፤ ሐሳቡ ደግሞ ቢነሣ ደግማችሁ ጠይቁ።

አንቺም እኅቴ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ መቀመጥ ባትችዪ በደል እንዳይመስልሽ። ማሃርሺ ይህ ምርመራ ለከበደው ሰው ራሱን ለአምላክ አሳልፎ መስጠት ያንኑ ፍሬ እንደሚያፈራ አስተምሯል፤ የምትወጂውን ስም እየጠራሽ ማልቀስም ይበቃሻል። በሚመጣው ሙሉ ጨረቃ መምጣት ካማረሽ ቦታሽ አለ፤ ካላማረሽም እኛ እንመጣለን።