በዕጢ የሚነቃ ናኖ ቅንጣት ምንድን ነው?

ማታ ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት መዳፋችሁ ላይ ለጥፋችሁ አብሩት። ጣቶቻችሁ ፍም መስለው ይቀላሉ። ከነጩ ብርሃን ውስጥ ሥጋን ሰንጥቆ የሚወጣው በብዛት ቀዩ ስለሆነ ነው። ከቀዩ አለፍ ብሎ ያለው፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ደግሞ ከዚያም ጠለቅ ይላል። ካንሰርን በብርሃን መለየትና ማከም የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሕክምናው ራሱ አዲስ አይደለም፤ ፎቶፍሪን የተባለው መድኃኒት ካናዳ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በደም ሥር ይሰጣል፤ ዕጢው ላይ ሌዘር ሲበራ አጠገቡ ያለውን ኦክስጅን ሴል ገዳይ ያደርገዋል። ጣጣው መድኃኒቱ ቆዳ ውስጥም መቅረቱ ነው። ታካሚው ቢያንስ 30 ቀን ከፀሐይ ሲሸሽ ይከርማል።

እንግዲህ ደም ውስጥ ሲዞር ተኝቶ ዕጢው ጋ ሲደርስ ብቻ የሚነቃ ነገር ቢገኝስ? በዕጢ የሚነቃ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) የሚባለው ይኸው ነው። የሚቀሰቅሰውም ብዙ ጊዜ ኮምጣጣነት ነው። የካንሰር ሴል ኦክስጅን እያለለት እንኳ ስኳርን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። ይህን ጠባይ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ደርሶበታል። የደም ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) 7.4 አካባቢ ሲሆን የዕጢው ዙሪያ 6.8 ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለኬሚስት ግን ይበቃዋል።

አሜሪካ፣ ዳላስ ውስጥ በተጀመረ ምርምር የተገኘውን ፔግሲታሲያኒንን እንይ። እንደ ክር ልቃቂት የተጠቀለለ ፖሊመር (እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ረጅም ሞለኪውል) ነው፤ ኢንዶሳያኒን ግሪን የሚባል ቀለም ይዟል። ቀለሞቹ ተጨናንቀው ሳሉ አንዱ የሌላውን ብርሃን ስለሚያፍን ጨለማ ነው። አሲድ ሲያገኘው ልቃቂቱ ይፈታል፣ ቀለሞቹ ይራራቃሉ፣ ያበራሉ። ቀዶ ሐኪሙ በኢንፍራሬድ ካሜራ ሲያይ ቆርጦ ያልጨረሰው ዕጢ ካለ ይታየዋል። በቀለሙ ፋንታ በብርሃን የሚግል ወይም ኦክስጅንን የሚለውጥ ነገር ሲገባ ደግሞ ለሕክምና ይውላል፤ ይህኛው ግን ገና በአብዛኛው በአይጦች ላይ ነው።

ከተጋነነ ወሬ መጠንቀቅ ግን ደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ዕጢ ውስጥ የሚገባው መካከለኛው መጠን (ሚዲያን) 0.7 በመቶ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል። የጉበት ሴሎችም ውስጣቸው ኮምጣጣ ከረጢት ስላለ ቅንጣቱ እዚያም ሊነቃ ይችላል። ለዚህም ነው ሁለተኛው ቁልፍ በሐኪሙ እጅ የሚቀረው፤ ሌዘሩ ካላረፈበት የነቃውም ቅንጣት አያቃጥልም።