ስለ ኑዛዜና ውርስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የውርስ ክርክር ችሎት ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው የሟቹ ፍላጎት አይደለም፤ ወረቀቱ ሕጉ ያዘዘውን ፎርም ማሟላቱ ነው። ኑዛዜ ሲፈርስም ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው። ከታች ያሉት ነጥቦች መነሻቸው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። (ሙስሊም ቤተሰቦች ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከፈቀዱ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስጨረስ ይችላሉ፤ እዚያ የሚሠራው ሕግ ሌላ ነው።)

«ኑዛዜ ባይኖርም ንብረቱ ለሚስት ይቀራል»

አይቀርም። ባልና ሚስት በዚህ ሕግ አንዳቸው የሌላው ወራሽ አይደሉም። ሚስት የምትወስደው በትዳር ውስጥ የተፈራውን የጋራ ንብረት ግማሽ ነው፤ እሱም ውርስ ሳይሆን ድሮውንም የራሷ ድርሻ ነው። የቀረው ግማሽና የሟቹ የግል ንብረት ለልጆች እኩል ይከፈላል (ቁጥር 842)። ከሟቹ በፊት የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች ይተኩታል።

በቁጥር እንየው። 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የጋራ ቤት አለ፤ ባል ሞተ፤ ሦስት ልጆች አሉ። ሚስት 3 ሚሊዮን፣ ልጆች አንድ አንድ ሚሊዮን ይደርሳቸዋል። ልጅ ከሌለና የባል እናትና አባት በሕይወት ካሉ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ተኩል ነው። ሚስት ያን ጊዜ ከአማቶቿ ጋር የአንድ ቤት ባለድርሻ ሆነች ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን የሚፈልግ ባል መፍትሔው ኑዛዜ ነው።

«ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ አይወርስም፤ ወንድ ልጅ ይበልጣል»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ጾታም ሆነ የወላጆች መጋባት አለመጋባት ድርሻን አይለውጥም። ጉዲፈቻም እንደ ተወላጅ ይቆጠራል። ከትዳር ውጭ የተወለደን ልጅ የሚያስቸግረው አባትነቱን በማስረጃ ማረጋገጥ ነው።

«አራት ምስክር ከፈረመበት ኑዛዜው ጸና»

ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። በምስክሮች ፊት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም ለሌላ ሰው ነግሮ ሊያስጽፈው ይችላል። ቁጥር 881 ግን ከፊርማ በላይ ይጠይቃል፦ ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በራሱ በኑዛዜው ላይ መጻፍ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም ወይም የጣት አሻራ ማኖር አለባቸው።

በተግባር የሚበላሸው እንዲህ ነው። አንዱ ወረቀቱን ይዞ በየምስክሩ ቤት ይዞርና ያስፈርማል። ወይም በትክክል ተነብቦ ሳለ መነበቡን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይረሳል። ስለዚህ ከፊርማዎቹ በላይ ይህን የመሰለ መዝጊያ አይቅር፦ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. በተናዛዡና በአራታችን ምስክሮች ፊት ተነብቦ ወዲያው ፈርመናል።» አንድ መስመር ናት፤ ቤት ታስወስዳለች። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ (ውልና ሰነድ የሚያረጋግጥ ሹም) ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል።

«በእጄ ከጻፍኩት ምስክር አያስፈልገኝም»

ግማሹ እውነት ነው። ኑዛዜው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ ከተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ከተነገረበት፣ እያንዳንዱ ገጽም ቀንና ፊርማ ካለው ያለ ምስክር ይጸናል። በኮምፒውተር አስጽፎ ከሥር መፈረም ግን ይህን አይተካም። እንዲህ በእጅ ተጽፎ በሣጥን የተቀመጠ ኑዛዜም ዕድሜ አለው፤ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል (ቁጥር 903)።

«ባልና ሚስት አብረን በአንድ ወረቀት እንናዘዝ»

የፍቅር ምልክት ይመስላል። ሕጉ ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ዋጋ የለውም ይላል (ቁጥር 858)። ሐሳባችሁ አንድ ቢሆንም ሁለት ወረቀት አዘጋጁ። «ኑዛዜህን እንዳትለውጥ» ብሎ ማስማልም አያስርም፤ ተናዛዥ እስኪሞት ድረስ መሻር ይችላል።

«አልጋ ላይ ሆኖ በሁለት ሰው ፊት ቤቱን ሰጥቶኛል»

የቃል ኑዛዜ አለ፤ ቤት ግን አይሰጥም። በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል ማዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ብሩ ያኔ የተተመነ ነው፤ ቁጥሩ ግን በሕጉ ላይ እንዳለ ነው። ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር ከኖረ ደግሞ ቃሉ ይፈርሳል።

«ስሙን ካልጠቀስኩት ልጄን ከውርስ ነቀልኩት ማለት ነው»

ልጅን መንቀል ይቻላል፤ ሆኖም በግልጽ መነገር አለበት፤ የሚያሳምን ምክንያትም እዚያው ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት (ቁጥር 938)። ስምን መዝለል ወይም «ንብረቴ ሁሉ ለእገሌ» ማለት ልጅን አይነቅልም። «አስቀይሞኛል» ብሎ መተውም ለጠበቃ ቀላል ዒላማ ነው። ምን እንዳደረገ ይጻፍ።

«ውክልና ስላለኝ ከሞተም በኋላ መሸጥ እችላለሁ»

ውክልና ከወካዩ ጋር ይሞታል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ከፍርድ ቤት የሚወጣ የወራሽነት ማስረጃ ነው።

«በኑዛዜ የተሰጠኝን ማንም አይነካብኝም»

ዕዳ ይነካዋል። ከውርሱ የሚከፈለው በተራ ነው፦ የቀብር ወጪ፣ የማጣራትና የማስተዳደር ወጪ፣ የሟቹ ዕዳ፣ ቀለብ፣ በመጨረሻ በኑዛዜ የተሰጡ ልዩ ስጦታዎች። የሕይወት መድን ገንዘብ ግን ተጠቃሚው በስም ከተወሰነ ወደ ውርሱ አይገባም። ፖሊሲውን ሲፈርሙ ያንን ቦታ ባዶ አይተዉት።

«ውርሴ የትም አይሄድም፤ ጊዜ ሲኖረኝ እጠይቃለሁ»

ይሄዳል። ሌላ ሰው ውርሱን ይዞት ሳለ መብቱንና መያዙን ያወቀ ወራሽ በ3 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ በይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል። ባያውቅ እንኳ፣ የቤተ ዘመድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር፣ ሟቹ ከሞተ ወይም ወራሹ በመብቱ ሊሠራበት ከቻለበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ሲሞላ በሩ ይዘጋል (ቁጥር 1000)።