የስፖርትና የእሽቅድምድም ጌሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእግር ኳስ ወይም የመኪና ጌም የሚወድ ሰው አስተያየት አያጣም። ችግሩ አንዳንዱ አስተያየት ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሕግ ሆኖ መቅረቱ ነው። አንዱን ያላሰበውን የጌም መሪ (ስቲሪንግ) ያስገዛዋል፣ ሌላው በገዛ ስሕተቱ የገባበትን ጎል በጌሙ ላይ ያላክካል። በብዛት የሚሰሙትን እንያቸው።

«ምስሉ እውነተኛ በመሰለ ቁጥር ጌሙ ይጣፍጣል»

እንዲያ ቢሆን ዊ ስፖርትስን ማንም ባልነካው ነበር። በ2006 ከዊ ኮንሶል ጋር የወጣው ይህ ጌም ገጸ ባሕርያቱ አሻንጉሊት ነው የሚመስሉት፤ ሆኖም ከ80 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሰራጭቷል። ቴኒሱን ብቻ እንውሰድ። ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ወደ ኳሷ የሚሮጠው በራሱ ነው፤ ለሰውየው የተተወለት ራኬቱን መቼ እንደሚያወዛውዝ መወሰን ነው። በቀኝ እጁ ትንሽ ቀድሞ ከመታ ኳሷ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ከዘገየ ወደ ቀኝ። ውሳኔው አንድ ነው፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። ጣዕሙ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከምስሉ ውበት በፊት መታየት ያለበት ጣት ቁልፉን ከነካ በኋላ ስክሪኑ ምላሽ እስኪሰጥ የሚያልፈው ጊዜ ነው። በሰከንድ 30 ምስል የሚያሳይ ጌም እያንዳንዱን ምስል 33 ሚሊ ሰከንድ ያቆየዋል፣ 60 የሚያሳየው ደግሞ 16.7። ቴሌቪዥኑም ምስል ለማሳመር የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ተደምሮ 100 ሚሊ ሰከንድ ቢደርስ፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የምትበር መኪና ሹፌሩ ሳያያት 5.5 ሜትር ሄዳለች ማለት ነው። መፍትሔው ምንም ወጪ የለውም፦ ከቴሌቪዥኑ የምስል ሴቲንግ ውስጥ «ጌም ሞድ»ን መክፈት፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አማራጭ መዝጋት፣ ጌሙ በምስል ጥራትና በፍጥነት መካከል ካስመረጠ ፍጥነቱን መውሰድ።

«ያለ መሪ የመኪና ጌም አይጫወትም»

የግራን ቱሪስሞም ሆነ የፎርዛ ሠሪዎች ጆይስቲክ የያዘውን ተጫዋች አስበው ነው የሚሠሩት። የጆይስቲኩ ዱላ የሚንቀሳቀሰው በጣም አጭር ርቀት ስለሆነ፣ ጌሙ መሃል ገብቶ መሪው ቀስ ብሎ እንዲዞር ያደርገዋል፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ የመዞሪያውን መጠን ይቀንሰዋል። ለዚህ ነው ዱላውን እስከ ጫፍ የገፋ ሰው ወዲያው የማይገለበጠው።

በጆይስቲክ የሚቸገር ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት «ዴድ ዞን» የሚባለውን ሴቲንግ ነው። ዱላው ከመሃል ተነስቶ ጌሙ እስኪሰማው ያለው ባዶ ቦታ ማለት ነው። ወደ 0 አውርዶ በቀጥታ መንገድ ላይ መንዳት፤ መኪናው ዱላው ሳይነካ ወደ አንድ ጎን ከሳበ 1 በመቶ እየጨመሩ መሄድና መሳቡን ሲያቆም እዚያው መተው። ዴድ ዞኑ ሲበዛ መኪናው መጀመሪያ አልሰማ ይላል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይታጠፋል። ብዙው ሰው «ጌሙ ከባድ ነው» የሚለው ይህንን ነው።

መሪ ገዝቶ የሚከፋውም ጥቂት አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛና የሚንሸራተት ፔዳል ነው፤ ፔዳሉ ግድግዳ ካልተደገፈ በኃይል ፍሬን መርገጥ አይቻልም። ሁለተኛው የንዝረቱን ኃይል እስከ ላይ መጨመር ነው። በመሪው ውስጥ ያለው ሞተር አቅሙ ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ከዚያ በላይ ያለውን ልዩነት ማስተላለፍ አይችልም፤ ቀላሉም ከባዱም ኩርባ እጅ ላይ አንድ ዓይነት ይሆናል። ጌሙ የኃይል መለኪያ ካለው፣ በኃይለኛ ኩርባ ላይ እንኳ አልፎ አልፎ ብቻ ጫፉን እስኪነካ መቀነስ ነው። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነም ከመሪው ይልቅ ፍሬኑ ይቅደም። ርካሽ ፔዳል የሚለካው እግር የሄደበትን ርቀት ነው፣ ሎድ ሴል ያለው የእግርን ግፊት ይለካል። እግር ደግሞ ከርቀት ይልቅ ግፊትን በተሻለ ያስታውሳል።

«ፍሬን ዘግይቶ የረገጠ ያሸንፋል»

ይህኛው ጠጋ ብሎ ቢታይ ይሻላል። መኪና በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደርሶ በ80 የሚታጠፍበት ኩርባ አለ እንበል። ሹፌሩ ፍሬኑን 5 ሜትር አዘግይቶ ቢረግጥ፣ እነዚያን 5 ሜትሮች በ80 ፋንታ በ200 ያልፋቸዋል። ትርፉ 0.13 ሰከንድ ገደማ ነው። አሁን ደግሞ በመዘግየቱ ከመስመሩ ወጥቶ ነዳጅ ለመርገጥ ግማሽ ሰከንድ ጠበቀ እንበል። በዚያ ግማሽ ሰከንድ የገፋው 11 ሜትር ብቻ ነው፤ ቀጥታው መንገድ ላይ እንደገና 200 ሲደርስ ኪሳራው 0.3 ሰከንድ ሆኗል። ትርፉን ከእጥፍ በላይ ከፍሎበታል፣ ስሜቱ ግን ፈጣን እንደነበረ ነው የሚነግረው።

ምክንያቱ ጎማው ነው። መንገድ የመያዝ አቅሙ ውስን ስለሆነ ፍሬንና መሪ ይካፈሉታል። ፍሬን ሙሉ በሙሉ ተረግጦ መሪ ሲዞር የፊት ጎማ ይንሸራተትና መኪናው ወደ ውጭ ይሄዳል። ደንጋጣ ሹፌር እዚህ ጋ መሪውን ይበልጥ ያጠማዝዛል፤ ይብስበታል። ማድረግ ያለበት መሪውን ጥቂት መመለስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመንገዱ ዳር የማይንቀሳቀስ ምልክት ይመረጣል፤ የ100 ሜትር ሰሌዳ ጥሩ ነው፣ ከፊት ያለ መኪና ግን ምልክት አይሆንም። መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ፍሬኑ በኃይል ይረገጣል። መሪው መዞር ሲጀምር እግር ከፍሬኑ ላይ ቀስ እያለ ይነሳል፤ በአንድ ጊዜ ከተነሳ ክብደቱ ከፊት ጎማ ላይ ይሸሽና መኪናው መታጠፉን ይተዋል። የኩርባው የውስጥ ጫፍ ጋ ሲደረስ ፍሬኑ ተለቆ ነዳጅ ይጀመራል፣ መሪው በተቃና መጠን ይጨመራል። ሦስት ዙር በተከታታይ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ብቻ የፍሬኑን ቦታ ሁለት ሜትር ወደ ኩርባው ማስጠጋት ይቻላል።

«ድሪፍት ያደረገ ይፈጥናል»

ድሪፍት ማለት መኪናውን በጎን እያንሸራተቱ መታጠፍ ነው። ማፍጠኑ እንደ ጌሙ ነው። በሪጅ ሬሰርና በማሪዮ ካርት አዎ፣ ሕጉ የተጻፈው ድሪፍትን እንዲሸልም ነው። እውነተኛውን አነዳድ በሚመስለው አሴቶ ኮርሳ ግን አስፋልት ላይ በጎን መንሸራተት ፍጥነትንም ጎማንም ይበላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ልማዱን ይዞ መሄድ ነው ጥፋቱ።

«ኤቢኤስ እና ትራክሽን ኮንትሮል የጀማሪ ናቸው»

ኤቢኤስ ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ፣ ትራክሽን ኮንትሮል ደግሞ ነዳጅ ሲረገጥ ጎማ በባዶ እንዳይሽከረከር ያግዛሉ። አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ የሚያሳያቸው የጂቲ 3 የውድድር መኪኖች በእውኑም ዓለም ሁለቱም አላቸው፤ ባለሙያዎቹ ሹፌሮች ከፍተው ነው የሚነዱት። በፎርሙላ 1 ደግሞ ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ጀግንነት ሳይሆን የትኛው መኪና ነው የሚለው ነው። በእርግጥ ቢዘጋ የሚሻለው ጌሙ በየት መንዳት እንዳለብን ለማሳየት መንገድ ላይ የሚስለው ባለ ቀለም መስመር ነው። ዓይን መስመሩን ብቻ ስለሚከተል ሰሌዳውንም የኩርባውንም ቅርጽ አይማርም። በአንዴ መዝጋት ከከበደ መጀመሪያ ኩርባ ላይ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል።

«ማሪዮ ካርት የዕድል ጌም ነው»

ዕድል አለበት፤ ግን ዕድሉ ራሱ ሕግ አለው። በማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ከሳጥኑ የሚወጣው ዕቃ የሚወሰነው ተጫዋቹ አንደኛ ሆኖ ከሚነዳው ባለው ርቀት ነው። ከፊት ያለ ሰው የሚደርሰው በአብዛኛው ሳንቲም፣ የሙዝ ልጣጭና አረንጓዴ የኤሊ ቅርፊት ነው። ኃይለኞቹ ኮከብና ጥይት ወደ ኋላ ለቀረ ነው። ይህን የሚያውቅ ተጫዋች ከፊት ሲሆን ሙዙን አይጥልም፤ ቁልፉን ተጭኖ ከኋላው ይዞ ይነዳል፣ ከፊት ያለውን ተከትሎ የሚመታው ቀዩ ቅርፊት ሲመጣ በሙዙ ላይ ይፈነዳል። ሁለት ዕቃ መያዝ ስለሚቻል አንዱ ሁልጊዜ ጋሻ ይሁን።

ጀማሪውንና ልምድ ያለውን የሚለዩት ሌሎች ነገሮች ከዕድል ጋር አይገናኙም። ሳንቲም እስከ 10 ድረስ የመኪናውን ከፍተኛ ፍጥነት ይጨምራል፤ ሲመቱ ይወድቃል፣ እንደገና መልቀም ነው። ድሪፍት ሲያዝ የጎማው ብልጭታ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻ ሐምራዊ ይሆናል፤ በቆየ ቁጥር ሲለቀቅ የሚሰጠው ግፊት ይረዝማል። ሲነሱ ደግሞ ነዳጁ የሚያዘው በመነሻው ቆጠራ ቁጥር 2 እንደታየ ወዲያው ነው። ከዚያ የቀደመ ሞተሩ ያፍንበታል።

ደካማውን የሚያነሳው ይህ ሥርዓት ፍትሕ የለሽ ነው ብሎ የሚያማርር አለ። ለውድድር ምናልባት። ሳሎን ውስጥ አንድ ጎበዝና ሦስት ጀማሪ ለተቀመጡበት ግን ከዚህ የተሻለ ሕግ ማግኘት ከባድ ነው።

«ጌሙ ራሱ እንድሸነፍ ወስኗል»

በእግር ኳስ ጌም የዚህን ያህል የሚወራ ነገር የለም። 89ኛው ደቂቃ ላይ ጎል ሲገባ «ስክሪፕት ነው» ይባላል። በ2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጫዋቾች የፊፋ ጌም ሠሪው ኢኤ የጨዋታውን ክብደት በስውር ይቀያይራል ብለው ከሰው ነበር፤ ኩባንያው በፊፋ አልቲሜት ቲም (ተጫዋቾች የራሳቸውን ቡድን በሚሰበስቡበት የጌሙ ክፍል) እንዲህ ያለ ቴክኖሎጂ እንደማይጠቀም ካስረዳ በኋላ ከሳሾቹ በ2021 ክሱን ትተውታል።

ታዲያ ስሜቱ ከየት ይመጣል? አንደኛ፣ ድካም። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጉልበቱ ያለቀ ተከላካይ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ትኩስ ተቀያሪ አጥቂ ያመልጠዋል። 60ኛው ደቂቃ አካባቢ ጉልበታቸው የወረደውን አይቶ መቀየር ነው። ሁለተኛ፣ የሰውየው እጅ። በጎል እየመራ ያለ ተጫዋች ይፈራል፣ የመሃል ተከላካዩን ይዞ ወደ ኳሷ ይሮጣል፣ ከኋላው ክፍት በር ይተዋል። የገባውን ጎል መልሶ አይቶ «ያኔ የያዝኩት ማንን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙውን ምስጢር ይፈታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አራቱን ተከላካዮች በቦታቸው ትቶ በተከላካይ አማካዩ መከላከል። በፕሌስቴሽን ኤል-2ን ይዞ ፊት ለፊት እየተጋፈጡ መከተል፣ አር-1ን ይዞ ሌላ የቡድን ጓደኛ ኳስ የያዘውን እንዲያስጨንቅ መላክ፣ ኳሷ ከባላጋራው እግር ስትርቅ ብቻ መንጠቅ። ቀድሞ የነጠቀ ይታለፋል።

ፍትሕ ለመናገር ያህል፣ ኮምፒውተሩ ከሚነዳቸው መኪኖች ጋር በሚደረግ ውድድር ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የቀደሙትን የሚያዘገይ፣ የቀሩትን የሚያፈጥን ስሌት ያላቸው ጌሞች ብዙ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ከሴቲንግ ይጠፋል።

«ፈጣን አጥቂ ገዝቶ የመሮጫውን ቁልፍ መያዝ ይበቃል»

ቁልፉ ተይዞ ሳለ እያንዳንዱ የኳስ ንክኪ ይረዝማል፤ ኳሷ ከእግር በራቀች ቁጥር ተከላካዩ ይደርስባታል። ቁልፉ የሚያስፈልገው ፊት ለፊት ክፍት ሜዳ ሲኖር ነው። ከፊፋ 23 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቾች በአነሳሳቸው ይለያያሉ፦ አንዳንዱ በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ይፈነጠራል፣ አንዳንዱ ዘግይቶ ተነስቶ በረጅም ርቀት ይቀድማል። የፍጥነት ቁጥሩን ብቻ ያየ ይህን ያጣዋል።

«በሮኬት ሊግ ጥሩ መኪና ያለው ይጠቅመዋል»

በመኪና እግር ኳስ በሚጫወቱበት በዚህ ጌም የሁሉም መኪና ከፍተኛ ፍጥነት አንድ ነው። የሚለያዩት ኳሷን በሚነካው ቅርጻቸው ነው፤ እሱም ስድስት ዓይነት ብቻ ነው። ገንዘብ የሚገዛው ቀለም ነው። ልዩነት የሚያመጣው መኪናውን የሚያስፈነጥረው ነዳጅ (ቡስት) አሰባሰብ ነው፦ ሜዳው ላይ 100 የሚሰጡ ስድስት ትልልቅና 12 የሚሰጡ 28 ትንንሽ ነጥቦች አሉ። ትልቁ ለመመለስ 10 ሰከንድ ይወስድበታል፣ ትንሹ 4። ጀማሪ ለትልቁ ብሎ ወደ ጥግ ሲሮጥ ግቡን ይተዋል፤ ወደ መከላከል ሲመለሱ በትንንሾቹ ላይ ማለፍ ከበቂ በላይ ነው።

«ጌም ላይ መንዳት ለእውነተኛው አይጠቅምም»

ኒሳንና ሶኒ በ2008 በጀመሩት ጂቲ አካዳሚ በግራን ቱሪስሞ ያሸነፉ ተጫዋቾች ወደ እውነተኛ ውድድር ገብተዋል። የመጀመሪያው አሸናፊ ሉካስ ኦርዶኔዝ በ2011 በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በምድቡ ሁለተኛ ወጥቷል፤ በ2013 ደግሞ ከሌላው የአካዳሚው ውጤት ከጃን ማርደንበሮ ጋር አንድ መኪና እየተፈራረቁ በምድባቸው ሦስተኛ ሆነዋል።

የሚሸጋገረው የመንገድ መስመር፣ የፍሬን ቦታና ትዕግሥት ነው። የማይሸጋገረው ሰውነትን የሚገፋው ኃይል ነው። እውነተኛ ሹፌር የኋላ ጎማ ሲያመልጠው መጀመሪያ የሚያውቀው በመቀመጫው ነው፤ ሳሎን ያለ ተጫዋች ይህ የለውም፣ በዓይንና በጆሮ መተካት አለበት። ስለዚህ ከድምፅ ሴቲንግ ሙዚቃውን መዝጋት፣ የሞተሩን ድምፅ ዝቅ፣ የጎማውን ከፍ ማድረግ። ጎማ አቅሙ ጫፍ ሲቃረብ ማፏጨት ይጀምራል፣ ካለፈ በኋላ ድምፁ ይጎረንናል። ማፏጨቱ ሲሰማ መሪውን ባለበት መያዝ፣ መጎርነኑ ሲሰማ ጥቂት መመለስ።