ፒኤም 2.5 ምንድን ነው?

ወሎ ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ማታ እራት ካለቀ በኋላ ፍሙ ይሰበሰብና አመድ ይለብሳል። እሳቱ አልጠፋም፤ ተዳፍኗል። ጠዋት ጭራሮ ጣል ተደርጎ እፍ ሲባል ቦግ ይላል። ይህችን የተዳፈነች እሳት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ፒኤም 2.5 አየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ ነው። ቁጥሩ መጠኑን ይናገራል፤ ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። የአንዲት ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ፀጉሯን ለማከል ወደ 30 የሚጠጉ ብናኞች ጎን ለጎን መሰለፍ አለባቸው። ከናፍጣ መኪናም፣ ከፋብሪካም፣ ከኩበትና ከእንጨትም ይወጣል። ትልልቁን አቧራ አፍንጫ ይይዘዋል። ይሄኛው ግን ሾልኮ የሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ቀድሞ 10 ነበር።

የወሎ ሴት ወይባ ጢስ ስትሞቅ ጋቢ ተከናንባ ፊቷን ውጭ ታደርጋለች። ምጣድ ላይ ስትጎነበስ ግን ፊቷ ጭሱ ውስጥ ነው። ነገሩ ሁሌ ይገርመኛል።

ካንሰር ያመጣል? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2013 የውጭ አየር ብክለትንና ብናኙን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡት ጋር መደባቸው። ቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» የሚባለው ምድብ ውስጥ ነው። ደረጃው የሚለካው የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን ትልቅነት አይደለም።

እንዴት ያመጣል ለሚለው፣ ዱሮ ብናኙ ዲኤንኤን፣ ማለትም ሴሉ ውስጥ የተጻፈውን የዘር መመሪያ፣ እያበላሸ ነው ይባል ነበር። በ2023 ለንደን ባለው ፍራንሲስ ክሪክ ተቋም የሚሠሩት ቻርልስ ስዋንተንና ባልደረቦቻቸው ሌላ ነገር አሳተሙ። ከመረመሯቸው ጤነኛ የሳንባ ናሙናዎች 18 በመቶው ላይ ኢጂኤፍአር የሚባለው ጂን ካንሰር ሊያስነሳ በሚችል መንገድ ተለውጦ ተገኘ። አብሽሩ፤ ካንሰር አልነበረም። እንዲህ ያሉ ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ይኖራሉ። የተዳፈነው እሳት ማለት ይሄ ነው።

ብናኙ ሲገባ የሳንባ ጠባቂ ሴሎች ይቆጣሉ። ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃሉ፣ ሳንባው ይቆጣል፣ የተኛው ሴል ነቅቶ ይራባል። እፍ ተባለ ማለት ነው። አይጦች ላይ ያንን ንጥረ ነገር በፀረ እንግዳ አካል ሲያግዱት ካንሰሩ መነሳቱን ከለከሉት። ጥናቱ ያተኮረው ግን በእንግሊዝ፣ በደቡብ ኮሪያ፣ በታይዋንና በካናዳ የውጭ አየር ላይ ነው። የእኛን ማድ ቤት አልለካም። እንዳለ ገልብጦ ማውራት ልክ አይመስለኝም።

ይህን ለአክስቴ ሳወራላት «ጭሱ ካልለኮሰው ታዲያ ማን ለኮሰው?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በአብዛኛው ዕድሜ። ሴል በተባዛ ቁጥር ዲኤንኤውን እንደ አዲስ ይገለብጣል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ብራና ሲገለብጥ የኖረ ጸሐፊ እንኳ አንዳንዴ ፊደል ይስታል።