ጥሩር ጉዳት ይቀንሳል?
ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ወክለው በዳይስ በሚጫወቱት በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ አምስተኛ እትም (2014) ጀማሪዎችን አብዝቶ የሚያሳስተው የጥሩር ቁጥር ነው። ጥሩር ጉዳት አይቀንስም፤ የሚወስነው ምቱ ማረፍ አለማረፉን ብቻ ነው። ቁጥርዎ 16 ከሆነ አጥቂው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ፣ ጭማሪውን ደምሮ 16 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ካመጣ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል።

ሌላው ስህተት የገጸ ባሕርዩን የቅልጥፍና ጭማሪ በሁሉም ዓይነት ጥሩር ቁጥር ላይ መደመር ነው። ቀላሉ የቆዳ ጥሩር (11) ሙሉውን ይቀበላል። መካከለኛው፣ ለምሳሌ የደረት ብረት (14)፣ ከ2 በላይ አይቀበልም፤ ስለዚህ ቅልጥፍናው +4 የሆነ ሰው 16 እንጂ 18 አያገኝም። በከባዱ ላይ ጭራሽ አይደመርም። ጋሻ 2 ይጨምራል፤ ሁለት ጋሻ መያዝ ግን 4 አያደርገውም።

ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነው የብረት ልብስ 18 ይሰጣል። ጉልበቱ 15 ያልሞላ ሰው ከለበሰው ፍጥነቱ በ10 ጫማ ይቀንሳል። መልበሱ 10 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ አውልቆ የተኛ ተዋጊ ሌሊት ድንገት ከተጠቃ ያለ ጥሩር መዋጋቱ ነው። በጨዋታው የተሰጠው ክብደት፣ 65 ፓውንድ (30 ኪሎ ግድም)፣ ግን ተጋኗል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የጦር ሜዳው ልብስ በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ነበር፤ ክብደቱም በመላ አካል ስለሚከፋፈል ለባሹ ያለ ረዳት ፈረስ ላይ ይወጣ ነበር።