ሩብ ኢንች ጀግንነት፦ በአሜሪካ ጦር ሜዳዮች ላይ ያሉት ትንንሽ ምልክቶች ምን ይላሉ?

አንድ የአሜሪካ ወታደር የክብር ልብሱን ለብሶ ሲቆም ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሜዳዮችን ወክለው ደረቱ ላይ በተደረደሩት ባለ ቀለም ሪባኖች ላይ ነው። ብዙ ሰው ብዛታቸውን አይቶ «ይሄማ ስንቱን ያየ ነው» ብሎ ያልፋል። ነገሩ የገባቸው ግን ብዛቱን አይቆጥሩም። ሪባኑ ላይ የተሰካችውን ትንሽ ነገር ነው የሚፈልጉት። ከነሐስ የተሠራች፣ ቁመቷ ሩብ ኢንች፣ ማለትም ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች «ቪ» የምትባል የላቲን ፊደል። እሷ ካለች ወሬው ሌላ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ዓይነት ሜዳይ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ላደረጉ ሰዎች ይሰጣል። ብሮንዝ ስታርን እንውሰድ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሮንዝ ስታር የመጣው ከእግረኛ ወታደሩ ኩርፊያ ነው ማለት ይቻላል። በ1942 ለአብራሪዎችና አብረዋቸው ለሚበሩ «ኤር ሜዳል» የሚባል ሽልማት ተቋቋመ። ሰማይ ላይ ያሉት ሲሸለሙ ጭቃ ውስጥ የሚያድረው እግረኛ ከፋው። የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ጆርጅ ማርሻል ይህንን አይተው በየካቲት 1944 ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጻፉ፤ የእግረኛው ኑሮ የመከራ ኑሮ ነው፣ ሞራሉን የሚያነሳ ነገር ያስፈልጋል ነው ነገሩ። ሩዝቬልት ወዲያው ፈረሙ። ሜዳዩም አሜሪካ ፐርል ሃርበር ላይ ከተመታችበት ከታኅሣሥ 1941 ጀምሮ ወደኋላ እንዲቆጠር ተደረገ።

ችግሩ የመጣው ከአወጣጡ ነው። ሜዳዩ በውጊያ ላይ ለታየ ጀግንነት ይሰጣል፤ በጦርነት ጊዜ ለተሠራ ጥሩ ሥራም ይሰጣል። ስለዚህ መትረየስ ወደሚተኮስበት ምሽግ ሮጦ ጓደኛውን የጎተተው ወታደርና ስንቅና ጥይት ሳያቋርጥ እንዲደርስ ያደረገው የመምሪያ መኮንን አንድ ዓይነት ሪባን ያደርጋሉ። ሁለተኛውን ለማሳነስ አይደለም፣ ስንቅ ካልደረሰ ጦር የለም። ግን አንድ አይደሉም። ይህን ለመለየት ነው በ1945 መጨረሻ ላይ «ቪ» የመጣችው።

እዚህ ላይ ነገሩ ይጠላለፋል። ምድር ጦሩ «ቪ»ን ለጀግንነት ብቻ አዋላት። ባሕር ኃይሉና ማሪኑ ግን «ኮምባት ቪ» ብለው ሰፋ አድርገው ያዟት። በውጊያ ውስጥ ሆኖ ጥሩ ያገለገለ ሰውም የተለየ ጀብዱ ባይሠራ ሊያገኛት ይችል ነበር። አንዲት ፊደል፣ ሁለት ትርጉም። ይህ ሁኔታ ለሰባ ዓመት ያህል ቆየ።

የዚህ መደበላለቅ መራራው ታሪክ የአድሚራል ጄረሚ ቡርዳ ነው። ቡርዳ በ1956 ተራ መርከበኛ ሆነው ገብተው የባሕር ኃይሉ ዋና አዛዥ እስከመሆን የደረሱ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በታች ተነስቶ እዚያ የደረሰ ከሳቸው በፊት አልነበረም። በቬትናም ዘመን ባገኟቸው ሁለት ሪባኖች ላይ «ቪ» ያደርጉ ነበር። ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚል ጥያቄ ተነሳ፣ ፊደሎቹንም አወለቋቸው። ዓመት ያህል ቆይቶ ጋዜጠኞች ስለዚሁ ሊጠይቋቸው በተቀጠሩበት ቀን፣ ግንቦት 16 ቀን 1996፣ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ከሞቱ በኋላ እንኳ ክርክሩ አልበረደም። በቬትናም ጊዜ የባሕር ኃይሉን እዚያ ያዘዙት አድሚራል ዙምዋልት ይገባቸው ነበር ብለው ጻፉ። የባሕር ኃይሉን የአገልግሎት መዝገብ የሚያርመው ቦርድ ደግሞ አይገባቸውም አለ። ሲቪል ሰው «ለዚህች ለምታህል ቁራጭ ነሐስ?» ሊል ይችላል። በወታደር ቤት ግን ያላደረጉትን አድርገናል ማለት ከባድ ነውር ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የመጣው ቅሬታ ደግሞ ሜዳዩ ረከሰ የሚለው ነው። በ1999 ከኮሶቮ ዘመቻ በኋላ እዚያው አሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ካለው የዋይትማን የአየር ኃይል ሰፈር ንቅንቅ ያላሉ መኮንኖች ብሮንዝ ስታር ማግኘታቸው ተሰማ። ሚዙሪና ኮሶቮ! የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ጣልቃ ገብቶ የአደጋ ቀጣና አበል በሚከፈልበት ቦታ ላልነበረ ሰው ሜዳዩ እንዳይሰጥ በሕግ ገደበ።

ከዚያ ድሮን መጣ። ኔቫዳ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የሚተኩስ ሰው ምን ይባላል? በየካቲት 2013 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሊዮን ፓኔታ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አዲስ ሜዳይ አወጁ። ጉዱ የፈላው ደረጃው ከብሮንዝ ስታር በላይ መደረጉ ሲታወቅ ነው። የቀድሞ ተዋጊዎች ጮኹ። ተተኪያቸው ቸክ ሄግል ሁለት ወር ገደማ ቆይተው ሜዳዩ ለማንም ሳይሰጥ ሰረዙት። እኔን ከጠየቃችሁኝ የድሮን ሠራተኛው ሥራ ከባድ መሆኑ አላጠያየቀም፣ ያጠያየቀው ነፍሱን አደጋ ላይ ከጣለው ሰው በላይ መቀመጡ ነው።

መፍትሔው በጥር 2016 በመከላከያ ሚኒስትሩ አሽ ካርተር ጊዜ መጣ፣ እንደገና በፊደል። አሁን ሦስት ናቸው። «ቪ» በሁሉም ክፍሎች ለጀግንነት ብቻ ሆነች፤ የባሕር ኃይሉ ሰፊ ትርጉም ቀረ። «ሲ» የውጊያ ናት፤ ለጠላት ጥቃት ተጋልጦ ወይም የመጋለጥ ትልቅ አደጋ ውስጥ ሆኖ በሚገባ ላገለገለ ሰው። «አር» የርቀት ናት፤ ድሮን አብራሪውም የሳይበር ባለሙያውም ከሩቅ ሆነው በውጊያው ላይ ቀጥተኛ ውጤት ካመጡ እሷን ያደርጋሉ።

ሁሉም ሜዳይ ፊደል አይፈልግም። «ሜዳል ኦፍ ኦነር»ና ሲልቨር ስታር በራሳቸው የጀግንነት ናቸው፣ «ቪ» ቢደረግባቸው ወጥ ላይ ሁለቴ ጨው መነስነስ ነው። ፐርፕል ሃርትም የለውም፤ እሱ የሚሰጠው በጠላት እጅ ለቆሰለ ወይም ለሞተ ነው።

ሲልቨር ስታር ራሱ መጀመሪያ ሜዳይ አልነበረም። በ1918 ምክር ቤቱ የፈቀደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳይ ሪባን ላይ የምትሰካ ትንሽ የብር ኮከብ ነበር። በ1932 ራሱን የቻለ ሜዳይ ሆነ። ዛሬም መሐሉን ብታዩት ያቺ ትንሽ ኮከብ በትልቁ ኮከብ ውስጥ ተቀምጣለች።

ይህን ያነሳሁት ሰው ሁሌ ስለሚሳሳት ነው። ሪባን ላይ የብር ኮከብ ማየት ሲልቨር ስታር ማየት አይደለም። ባሕር ኃይልና ማሪን አንድን ሜዳይ ደግመው ሲሰጡ ወርቃማ ኮከብ ይጨምራሉ፣ አንዷ የብር ኮከብ አምስት ወርቃማዎችን ትተካለች። ምድር ጦርና አየር ኃይል ለዚሁ ሥራ የኦክ ቅጠል ይጠቀማሉ፤ የነሐሷ አንድ ድጋሚ፣ የብሯ አምስት። የቀስት ጫፍ የምትመስለዋ ምልክት ደግሞ ጠላት ባለበት ቦታ በፓራሹት ለወረደ ወይም ከባሕር ወደ ዳርቻ በማጥቃት ለገባ ናት።

ነገሩ ወደኛም ቤት ይደርሳል። ስሙን ከራስ መኰንን የፈረስ ስም የወሰደው የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው የተሰለፈው፤ ከኢትዮጵያውያኑ መካከልም ብሮንዝ ስታርና ሲልቨር ስታር የተሸለሙ አሉ። የዘማች አያት ሜዳይ በመሳቢያ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ሪባኑን ያውጣው። ብሮንዝ ስታር ቀይ ሲሆን መሐሉ ላይ በነጭ የተከበበ ሰማያዊ መስመር አለው። ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ ያውም ጥቁርና ነጭ፣ ቀለሙ ባይለይም ፊደሏ ትለያለች፣ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ፈልጉ። ከጠፋች ደግሞ አያታችሁ አልተዋጉም ብላችሁ አትቸኩሉ። ለምሳሌ በአሜሪካኖቹ ዘንድ በ1947 በወጣ ደንብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእግረኛ ተዋጊ ባጅ ያገኙ ሁሉ ብሮንዝ ስታር እንዲሰጣቸው ተፈቅዷል። ያለ «ቪ»። ማርሻል ያዘኑላቸው፣ ጭቃ ውስጥ ያደሩት ሰዎች ናቸው እነዚያ።