«ጆሮ ዳባ ልበስ»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና ለተርጓሚ የሚጠቅመው

«ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚባለው ሰምቶ እንዳልሰማ ለሚሆን ሰው ነው። ነገሩ ደርሶታል፣ ገብቶታል፣ መልስ መስጠትም ይችላል፤ ዝምታን ግን መርጧል። ስለዚህ ላልሰማ ወይም ለረሳ ሰው አይነገርም። የሰፈር ሰው ስለ ተሰበረ የውሃ ቧንቧ ሦስት ጊዜ አመልክቶ የሚመለከተው ክፍል ጭራሽ መልስ ካልሰጠ «ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ» ቢባል ልክ ነው። ማመልከቻው መንገድ ላይ ጠፍቶ ከሆነ ግን አባባሉ ቦታውን ስቷል። «ችላ አለ» ከዚህ ይቀላል፤ ችላ ያለ ሰው ነገሩን አሳንሶ አይቶት ሊሆን ይችላል። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው አውቆ ነው የተሸፈነው።

ዳባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ ልብስ ነው። ባሕታውያንና መነኮሳት ይለብሱታል፤ ብርድና ዝናብ ይመክታል። የቆሎ ተማሪ የሚለብሰው ደበሎ የቅርብ ዘመዱ ነው። ዳባውን ወደ ላይ ስቦ ራሱን ለተከናነበ ሰው የውጭ ድምፅ የሚደርሰው ታፍኖ ነው። አባባሉ የቆመው በዚህ ሥዕል ላይ ነው፤ ሰውየው ለገዛ ጆሮው «አንተ ጆሮ፣ ዳባ ልበስ» ብሎ ትእዛዝ ይሰጣል።

የታዘዘው ጆሮው እንጂ ሰውየው ስላልሆነ «ልበስ» በፍጹም አይለወጥም። ተናጋሪዋ ሴት ብትሆን፣ ሰዎቹ ብዙ ቢሆኑ፣ አንቱ የሚባሉ ሽማግሌም ቢሆኑ የሚለዋወጠው ከኋላ ያለው «አለ» ብቻ ነው፦ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች፣ አሉ፣ ብለውናል። «ጆሮ ዳባ ልበሱ» ወይም «ጆሮዋ ዳባ ለበሰ» ያለ ሰው አባባሉን አፍርሶታል። «ሆድ ይፍጀው»ም እንዲሁ ነው፤ ትእዛዙ ለሆድ ስለሆነ ማንም ቢናገረው «ይፍጀው» እንዳለ ይቀራል።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሙቀቷ ሽርጥ አገልድሞ ደጅ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። እዚህ ዳባ የሚፈልግ ሰው የለም። ሆኖም የከዚራም የመጋላም ሰፈር ልጅ ዳባ በዓይኑ ሳያይ «ጆሮ ዳባ ልበስ»ን በትክክለኛው ቦታ ያስገባዋል። ፈሊጥ እንዲህ ነው፤ ዕቃው ከአካባቢው ቢጠፋ እንኳ ትርጉሙ ይኖራል። በእንግሊዝኛም «ኪክ ዘ ባኬት» የሚል ሰው «ሞተ» ማለቱ ነው፤ ባልዲም ሆነ እርግጫ አይታየውም። «ባልዲውን ረገጠ» ብሎ የሚተረጉም ተናጋሪው ራሱ የማያየውን ሥዕል አንባቢ ፊት ያቆማል። ክብደቱንም መመዘን ያስፈልጋል። አባባሉ የቀልድ ቃና ስላለው የሚቀርበው «ክልትው አለ» ለሚለው ነው፤ ሐዘን ቤት የሚነገረው «ዐረፉ» ሌላ ነገር ነው።

ተራ ስምና ፈሊጥ ከባሕር ማዶ የሚመጡበት መንገድ የተለያየ ነው። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ በዚያው ሐዲድ የፈረንሳይኛ ቃላት ገብተዋል። «ለገሃር» ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ጣቢያው ተሠራ፣ ስሙም አብሮ ቀረ። ዕቃ ከነስሙ መምጣት ይችላል። ፈሊጥ ግን የሚታይ ዕቃ ስለሌለው ቃል በቃል ሲገለበጥ የሚይዘው ያጣል።

ለ«ጆሮ ዳባ ልበስ» የቅርብ ጓደኛው እንግሊዝኛው «ተርን ኤ ዴፍ ኢር» ነው። ቃል በቃል «ደንቆሮ ጆሮ አዞረ» ይሆናል። ይህ በሁለት ምክንያት ይበላሻል። አንደኛ፣ አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛው ሳያስበው የሚያልፈው ቃል በአማርኛ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች የሚያቆስል ስድብ ይሆናል። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ስንል ግን ሆን ተብሎ መደረጉም፣ ወቀሳውም፣ ክብደቱም ይደርሳል፤ ማንም አይነካም።

ተማሪን ከፈሊጥ ይበልጥ የሚያስቸግረው ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው ነው፤ አንድ ግስ እንደ አፕ፣ ኦፍ፣ ኢን፣ አውት ካሉ ትንንሽ ቃላት ጋር ተጣብቆ አንድ ትርጉም የሚሰጥበት። ትንሿ ቃል እውነተኛ አቅጣጫ ስታሳይ አማርኛ የታወቀ መንገድ አለው፦ ትንሿ ቃል ዋና ግስ ትሆናለች፣ የእንግሊዝኛው ግስ ደግሞ ቦዝ አንቀጽ (እንደ «ሰብሮ» ያለ ብቻውን የማይቋጭ ግስ) ሆኖ ከፊት ይቀድማል። «ብሬክ ኢን» «ሰብሮ ገባ» ነው፤ «ኢን» ወደ «ገባ»፣ «ብሬክ» ወደ «ሰብሮ» ተቀይረዋል። «ራን አውት» ስለ ሰው ከሆነ «ሮጦ ወጣ» ይሆናል። ይህን መገለባበጥ የተረዳ ተማሪ «ወደ ውስጥ ሰበረ» ብሎ አይጽፍም።

አቅጣጫው ምሳሌያዊ ሲሆን ይህ ዘዴ አይሠራም። «ዊ ራን አውት ኦፍ ዋተር» ውስጥ የሚሮጥም የሚወጣም የለም። እንግሊዝኛው «እኛ»ን ባለቤት ያደርጋል፤ በአማርኛ ባለቤቱ ውሃው ነው፣ እኛ በመጨረሻዋ ቅንጣት ውስጥ ተጎጂ ሆነን እንገባለን፦ «ውሃ አለቀብን»። «ብን» ትንሽ ብትመስልም የነገሩን ጉዳት የተሸከመችው እሷ ናት። «ውሃ ጨረስን» ብንል ጥፋቱን ወደ ራሳችን እንወስዳለን፤ ሮቶው ባዶ የሆነው መስመሩ ስለተቋረጠ ከሆነ ትርጉሙ ሐሰት ነው።

«ጊቭ አፕ» ደግሞ አንድ መልስ የለውም። ሲጋራ ከሆነ «ተወ»፣ ልፋት ከሆነ «ተስፋ ቆረጠ»፣ ጦር ሜዳ ከሆነ «እጁን ሰጠ»። መዝገበ ቃላት ሦስቱንም ሊደረድር ይችላል፤ የሚመርጠው ግን ከኋላ ያለው ስም ነው። ስለዚህ ፍሬዛል ቨርብን ለብቻው በደብተር አትጻፉ፤ ምን እንደሚከተለው ጨምራችሁ ጻፉ።

«ፑት ኦን» ይህን ከሁሉም በላይ ያሳያል። እንግሊዝኛ ለሰውነት ሁሉ አንድ ግስ ይበቃዋል፤ እኛ ቤት እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ግስ አለው። ልብስ ይለበሳል፣ ጫማ ይጫሙታል፣ መቀነት ይታጠቁታል፣ ጥምጥም ይጠመጠማል፣ ነጠላ ያጣፉታል ወይም ይከናነቡታል፣ ሰዓት ያስሩታል፣ ባርኔጣ ይደፉታል፣ ቀለበት ያጠልቁታል፣ ሽርጥ ያገለድሙታል። ዳባ ከልብስ ተራ ስለተቆጠረ ነው አባባላችን «ልበስ» የሚለው። በሁሉም ላይ «አደረገ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ አንባቢም ይረዳል። ነገር ግን እንዲህ የሚተረጉም ሰው የቋንቋውን ጣዕም ጥሎ ሄዷል ባይ ነኝ።

አደገኛው ወጥመድ የገዛ ቋንቋችን ተመሳሳይ ሥዕል ይዞ ሌላ ትርጉም ሲሰጥ ነው። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ አንዲት ነጋዴ ለጎረቤቷ ልጇን ልትተውላት ነው እንበል። እንግሊዝኛው «ኪፕ አን አይ ኦን ሀር» ይላል። «ዓይንህን ጣልባት» ተብሎ ቢተረጎም ተመኛት፣ ፈልጋት ማለት ይሆናል፤ እናትየዋ እንዲህ ተናገረች ብሎ መጻፍ ከባድ ስሕተት ነው። ቀፊራ ላይ የሚሰማው «አደራ፣ ልጄን እይልኝ» ነው። «ላርን ባይ ሃርት»ም «በልብ መማር» አይደለም፤ «በቃል ማጥናት» ነው፣ ያለ መረዳት ከሆነ ደግሞ «መሸምደድ»። ወደዚያኛውም አቅጣጫ አደጋው እኩል ነው። «ሆደ ሰፊ» ታጋሽ ሰው ነው፤ ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ያሻገረ ግን ቦርጫም ያደርገዋል።

በዜናና በስብሰባ የሚሰሙ ግልባጮችም አሉ። «በቀኑ መጨረሻ» የሚባለው «አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ» ነው፤ ሰዓቱን የሚጠብቅ አድማጭ ይሳሳታል። «ዞሮ ዞሮ» የሚል ያማረ ቃል እያለን ለምን እንበደራለን? «ወደ ፊት እመለከታለሁ» «በጉጉት እጠብቃለሁ» መሆን አለበት። «ቦታ ወሰደ» ስለ ስብሰባ ከተነገረ «ተካሄደ» ይበቃል። «ሚና ተጫወተ» ግን ሥር ሰዷልና አሁን ልንቀው አንችልም፤ ቢሆንም «ድርሻ ነበረው» ይሻላል እላለሁ።

የአሠራሩን ቅደም ተከተል ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ አንብባችሁ ማን ምን እንዳደረገና ተናጋሪው እየወቀሰ፣ እያዘነ ወይም እየቀለደ መሆኑን ለዩ። ያንን በተራ አማርኛ፣ ያለ ምንም ጌጥ ጻፉት፤ «እያወቀ ዝም አለ» እንደማለት። ከዚያ በኋላ ብቻ ተመሳሳይ ክብደት ያለው አባባል ፈልጉ። ካልተገኘ ተራውን ተዉት፤ ተራ አማርኛ ከተሰበረ ፈሊጥ ይበልጣል። በመጨረሻ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው አንብቡለትና ምን እንደገባው በራሱ ቃል ጠይቁት። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም፤ ሰው ለይሉኝታ «አዎ» ይላል።

የድሬና የሐረር ልጅ አንድ ዕድል አለው፤ ከአማርኛ ሌላ የሚሰማቸው ቋንቋዎች ከፍሬዛል ቨርብ ጋር ያቀራርቡታል። ሶማሊኛ «ሶ» የምትባለውን ቃል ወደ ተናጋሪው የሚመጣን እንቅስቃሴ ለማሳየት ከግስ ፊት ያስቀምጣል፦ «ሶ ገል» ግባ፣ «ሶ ኖቆ» ተመለስ። ኦሮምኛም «ኦል» ለላይ፣ «ገዲ» ለታች እያለ ያጣምራል፦ «ኦል ካኢ» ተነስ፣ «ገዲ ዺሲ» ልቀቅ። የመጨረሻው ቃል በቃል «ወደ ታች ተው» ነው፤ ትርጉሙ ከሁለቱ ቃላት ድምር ውጭ እንደሆነ ልብ በሉ። ይህን በአፉ የለመደ ተማሪ «ሌት ጎ» ለምን በሁለት ቃል እንደሚነገር ብዙ ማስረዳት አይፈልግም።

«ጆሮ ዳባ ልበስ»ን ወደ ኦሮምኛ ስንወስደው ደግሞ ዳባውን እዚሁ እንተወዋለን። ኦሮምኛ ለማዳመጥ «ጆሮ መስጠት» ስለሚል «ጉራ ኢቲ ሂንኬኒኔ»፣ ማለትም «ጆሮ አልሰጠውም» ይበቃል። «ጉራ» ውስጥ ያለው «ራ» ጠብቆ ነው የሚነበበው፤ ጆሮ ማለት ነው እንጂ የአማርኛው ጉራ አይደለም።